የበየነ ጣቢያና የእኔ ደወል

ሚኒባስ ታክሲ ላይ ከሚለጠፉት ጥቅሶች ሁሉ «ምቀኛ አታሳጣኝ» የምትለዋን ባነበብኩ ቁጥር ቅር ይለኛል። ሰው ምቀኛ እንዳያጣ ይጸልያል፤ ጸሎቱ ሲሰማለት ደግሞ ዞሮ ምቀኛውን ይረግማል። ምቀኛው ምን ይሁን? አንጀቱ እያረረ፣ በሰው አጥር ላይ አንገቱን እያሰገገ፣ ያለ ደመወዝና ያለ ጡረታ የሚሠራው ሥራ እኮ ነው። ይህን የምለው ለባልደረቦቼ ለመከራከር ነው። አዎ፣ ባልደረቦቼ ብያለሁ። ቀናተኛ ነኝ ብዬ ላለዝበው እችል ነበር፤ ግን በሚስቴ አይደለም የቀናሁት። የቀናሁት በጎረቤቴ የፕላስቲክ ቤት ነው።

አትሳቁ፤ ላስረዳ። አቃቂ መጥታችሁ «አስፋው» ብላችሁ ብትጠይቁ ሦስት አራት ሰው ያሳዩአችኋል። «አስፋው ባቡር» ካላችሁ ግን በሬ ድረስ ይዘዋችሁ ይመጣሉ። ይመጡ ነበር ልበል። በአሮጌው ባቡር ዘመን አቃቂ ጣቢያ ሃያ ሁለት ዓመት ትኬት ቆርጫለሁ። ባቡሩ ሥራ ሲያቆም የእኔ ሥራ ስለ ባቡሩ ማውራት ሆነ። ልቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ወሬ ሲቀዘቅዝ አንዱ ወደ እኔ ዞር ይልና «አስፋው፣ ያ የድሬዳዋው ስንት ሰዓት ነበር የሚደርሰው?» ይላል፤ እኔም ጉሮሮዬን ጠርጌ እጀምራለሁ። ቃሊቲ ድረስ የኤሌክትሪክ ባቡር ሲዘረጋ እንኳን ይህን ስሜን የነካብኝ አልነበረም። በየነ እስኪመጣ ድረስ።

መጣ ስል ከሩቅ አይደለም፤ አጥራችን አንድ ነው። በየነ ከክር ፋብሪካ በመካኒክነት ጡረታ የወጣ፣ ቁመቱ የስልክ እንጨት የሚያህል፣ ዝምተኛ ሰው ነው። ከባቡር ጋር ያለው ዝምድና ወር በወር እናቱን ለመጠየቅ ወደ ሞጆ መሳፈሩ ብቻ ነው፤ ያውም ትኬቱን የቆረጥኩለት እኔ ነኝ። የበረራ አስተናጋጅ የሆነች ልጁ፣ አባቷ ጡረታ ወጥቶ እንዳይቆዝም ብላ ከፈረንጅ አገር አንድ ካርቶን አመጣችለት። ካርቶኑ ውስጥ ተቆርጠው ተለጣጥፈው ትንሽ የባቡር ጣቢያ የሚሆኑ የፕላስቲክ ቁርጥራጮች፣ ክብ ሐዲድና በባትሪ ድንጋይ የምትሄድ መዳፍ የማታክል ባቡር ነበሩ። የካርቶኑን ሥዕል አይቼዋለሁ። በረዶ እንዲንሸራተት ጣሪያው የሾለ፣ ሰገነቱ በአበባ የተሞላ፣ በጥድ የተከበበ ጣቢያ። «እንዲህ ያለ ጣቢያ አቃቂ ቢኖር ኖሮ ማን ከጣቢያው ይሄድ ነበር?» ብዬ ቀለድኩ። በየነ አልሳቀም። ሥዕሉን ገልብጦ አስቀመጠውና መቀስ አነሳ።

ያን ቀን ካርቶኑን ቀዳድጄ መጣል ነበረብኝ። ሰውየው የፈረንጁን ጣቢያ አቃቂ ጣቢያ ሊያደርገው ነው ለካ! የሾለውን ጣሪያ በምላጭ ቆርጦ ዝቅ አደረገው። የሲጋራ ፓኮ ውስጥ ያለችውን ብርማ ወረቀት በማበጠሪያ ጥርስ እየፈተገ፣ ሽንሽኑ ቁልጭ ያለ ቆርቆሮ አደረጋት፤ ዝገቱን በሻይ ቀባው። ሰገነቱን ከነአበባው ነቅሎ ጣለ። የጥዶቹን ቅጠል መልጦ የደረቀ ጦስኝ ለጠፈባቸውና ባህር ዛፍ ሆነው ቁጭ አሉ። ከሳጥኑ የወጣችው ባለ ባርኔጣ ፈረንጅ በፋሻ ቁራጭ ነጠላ ለበሰች። በበረዶ ላይ መንሸራተቻ የታቀፈ አንድ ወጣት ነበር፤ እሱ መንሸራተቻው ተሞርዶለት፣ አረንጓዴ የጥፍር ቀለም ተቀብቶለት፣ ከወንጂ ሸንኮራ ይዞ የሚመጣ መንገደኛ ሆነ። እናንተዬ፣ እግዜር ያሳያችሁ፣ ያንን ሸንኮራ ያየሁ ዕለት ምሳ አልበላሁም።

ምክንያቱም እኔ አልሠራሁትም። ሃያ ሁለት ዓመት እዚያ ጣቢያ ውስጥ ተቀምጬ፣ ያ ሁሉ ሸንኮራ በፊቴ ሲያልፍ፣ በአፌ ከማውራት በቀር አንድ ቀን እንኳን በእጄ ልሥራው ብዬ አስቤ አላውቅም። ሰፈሩ ወደ በየነ ሳሎን ይጎርፍ ጀመር። ከሳሪስ ሳይቀር እየመጡ ስልካቸውን ይደግናሉ። አንድ እሑድ ሁለት ሰዎች በሬን አንኳኩና ደስ ብሎኝ ስከፍት «ይቅርታ አባባ፣ የበየነ ባቡር ቤት ይሄ ነው?» አሉኝ። ሰማችሁ? በየነ ባቡር! በእጄ ጠቆምኳቸው። ባለቤቴም ከኋላዬ ነጠላዋን አስተካክላ «እኔም ልያት» ብላ ተከተለቻቸው።

በየነ ራሱ የመጣው በማግስቱ ነው። የቆመው በሬ ላይ ነው፤ እርሳስና ወረቀት ይዟል።

«አስፋው፣ ደወሉ ቀርቶኛል። የት ላይ ነበር የተሰቀለው?»

ደወሉ ከእኔ የትኬት መስኮት በላይ ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት ጆሮዬ ላይ ሲጮህ የኖረ ደወል ነው፤ ዛሬም በግራ ጆሮዬ በደንብ አልሰማም። ከተነቀለ ቆይቷል፤ ፎቶም የለውም። ማንም ሳያዘኝ አፌ ተከፈተና «በዕቃ ክፍሉ በኩል ነዋ! ከበሩ በስተቀኝ» አለ። በየነ ትንሽ አየኝ። ግንባሩን አሸት አሸት አደረገና ጻፈ፤ አመስግኖኝም ሄደ። እኔ በሬን ዘግቼ ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያ ወር እህል ጣመኝ።

ዕቅዴን ሳልደብቅ ልንገራችሁ። ጣቢያውን ለእድር ስብሰባ እንዲያመጣው ሊቀመንበሩ ጠይቀውታል። ሰው ሁሉ ተሰብስቦ አጀብ ሲል እኔ ቀስ ብዬ እነሳና ስሕተቱን አወጣለሁ። በየነ «አንተ እኮ ነህ ያልከኝ» ቢል «እኔ? መቼ?» እላለሁ። ስሜም ወደ ቤቱ ይመለሳል።

ቀኑ ደረሰ። ጣቢያው የእድሩ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ፣ ባቡሯ ዞረች፣ ሰው አጀብ አለ። ተነሣሁ። «ሥራው ግሩም ነው፤ ግን ለታሪክ ሲባል መታረም ያለበት ነገር አለ። ደወሉ እዚህ አልነበረም። ከትኬት መስኮቱ በላይ ነበር» አልኩ።

በየነ አፉን ሳይከፍት እትዬ ዘነበች ከወንበራቸው ብድግ አሉ። ጣቢያው ላይ ለተሳፋሪ የተቀቀለ እንቁላል ሲሸጡ ያረጁ፣ ሁላችንም የምንፈራቸው ሴት ናቸው። ጎንበስ ብለው ጣቢያውን ዳር እስከ ዳር አዩት።

«ምን ነካህ አስፋው? ይኸው እኮ ነው ቦታው! ቅርጫቴን እዚሁ ከሥሩ አስቀምጬ አልነበር የምሸጠው?»

«እትዬ፣ እርስዎ እንኳን...»

«ዝም በል! ሲደወል እንቁላሌ ይንቀጠቀጥ ነበር!»

ከዚያ በኋላ ማን ይቻለው። የድሮው ሻንጣ ተሸካሚ እዚያው ደወል ሥር ሻንጣ እንደደረደረ ማለ። አንዱ ሚስቱን መጀመሪያ ያያት እዚያ ሥር ቆማ እንደሆነ ተናገረ፤ ሚስቱም አጠገቡ ሆና «እውነቱን ነው» አለች። በዓይኔ ፊት፣ ከሳምንት በፊት ከአፌ የወጣች ውሸት የሃምሳ ሰው ትዝታ ሆና ቁጭ አለች። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይሉ ነበር አባቶቻችን። ሊቀመንበሩ በሐዘኔታ አዩኝና «ዕድሜ ነው፤ ሁላችንም እዚያው ነን» አሉ። በየነ እንዲፈርድብኝ ጠበቅሁ። እሱ ግን «አንተ ነህ ያልከኝ» አላለም። «አስፋው ውስጥ ሆኖ ትኬት ሲቆርጥ ውጪውን በምን ዓይኑ ይየው?» ብሎ አስተባበለልኝ፤ ሰውም ሳቀ።

ሲበተን አብረን ነው ወደ ቤት የሄድነው፤ ጣቢያውን በአንድ በኩል እሱ፣ በሌላ በኩል እኔ ይዘን። ከባድ አይደለም፤ ግን ላብ አጠመቀኝ። መንገድ ላይ መቻል አቃተኝና «በየነ፣ የተናገርኩት እውነቴን ነው። ደወሉ ከመስኮቴ በላይ ነበር። ያን ቀን የዋሸሁህ ቀንቼብህ ነው» አልኩት።

ቆመ። ጣቢያውን ድንጋይ ላይ አሳረፍነው። ባርኔጣውን ገፋ አድርጎ ግንባሩ ላይ ያለችውን ጠባሳ አሳየኝ።

«ይቺን ማን የሰጠኝ ይመስልሃል? አንተ መስኮት ላይ ትኬት ልቆርጥ ጎንበስ ብዬ ቀና ስል ነው ደወሉ የፈነከተኝ።»

«ታዲያ እያወቅህ ለምን እዚያ ሰቀልከው?»

«አንተ አልከኛ! አስፋው ባቡር እንዲህ ነው ካለ፣ እኔ የፋብሪካ ሰው ምን ልበል? የመታኝ ሌላ ነገር ይሆናል ብዬ ተውኩት።»

የገዛ ግንባሩን ትቶ እኔን አመነ እንግዲህ። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ የቀናሁት በእጁ ነበር፤ አሁን በልቡም ቀናሁ። ይህኛው የባሰ ነው፤ በማበጠሪያና በምላጭ አይሠራም።

«በል ቤት ስንገባ ነቅዬ ወደ ቦታው እመልሰዋለሁ» አለ፤ «የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው።»

አሰብኩበት። እትዬ ዘነበችን አሰብኩ፤ ሚስቱን ደወል ሥር ያያትን ሰውዬ አሰብኩ። ከሁሉ በላይ ግን አንድ ነገር አሰብኩና፣ ይቅር ይበለኝ፣ «ተወው፤ እዚያው ይሁን» አልኩት። ጣሪያው የእሱ፣ ቆርቆሮው የእሱ፣ ባህር ዛፉ የእሱ፣ ሸንኮራው የእሱ ነው። ከዚያ ሁሉ ሥራ ውስጥ የእኔ እጅ ያለበት የደወሉ ቦታ ብቻ ነው።