ኦይስተር በሚጥሚጣ

ትምህርት ሁለት ዓይነት ነው፤ ለፈተና የሚመጣና የማይመጣ። የማይመጣውን የሚያጠና ሰው ወይ ሊቅ ነው፣ ወይ የሚያዋራው ያጣ ነው። እኔ ሊቅ አይደለሁም። ሰው ፊት ስቆም ምላሴ የተውሶ ዕቃ ይመስል አልታዘዝ ስለሚለኝ፣ የዕረፍት ሰዓቴን ከባዮሎጂ መጽሐፍ ጋር አሳልፋለሁ። ስለ ባሕር ውኃ ባክቴሪያ የሚያወራውን ገጽ መምህራችን ራሳቸው "ዝለሉት፤ ሆሳዕና ባሕር የላትም" ብለው ነው ያለፉት። እውነታቸውን ነው። ሆሳዕና ዝናብ አላት፣ ጭቃ አላት፣ ባጃጅማ ሞልቷታል፤ ባሕር ግን የላትም። ታዲያ ባሕሩ በመኪና ተጭኖ እንደሚመጣ ማን ያውቃል?

አጎቴ ሸምሱ የጅቡቲ መስመር ሾፌር ነው። ለዐረፋ ሲመጣ ባዶ እጁን አይመጣም፤ ያመጣው ነገር ምን እንደሚያደርግልን ግን እሱም አያውቅም። አንድ ዓመት ትልቅ ማራገቢያ አምጥቶልን ነበር፤ ለሆሳዕና ብርድ! ዘንድሮ ደግሞ በረዶ የሞላው የፕላስቲክ ሳጥን ተሸክሞ ገባ። ሲከፍተው ድንጋይ የመሰለ ዛጎል ተደርድሮበታል።

"ኦይስተር ይባላል፤ ፈረንጅ በጥሬው ነው የሚበላው" አለ።

ከሺንሺቾ የመጣችው አክስቴ አንዱን አገላብጣ አይታ፣ እንዲህ ያለውማ በእኛ መንገድ ላይ ጎማ ይበሳል እንጂ ማን ይበላዋል አለች። እናቴ ታርዷል ወይ ብላ ጠየቀች። አጎቴ የባሕር ነገር እንደማይታረድ አስረድቶ ሲያበቃ፣ "ደግሞስ አንገቱ የታለና?" አላት።

ከዚያ ካቻቢቴውን ከመኪናው አምጥቶ አንዱን ፈልቅቆ ከፈተው። ውስጡ የተኛው ነገር፣ ይቅርታ ይደረግልኝና፣ ጉንፋን የያዘው ሕፃን አፍንጫ ሥር የሚታየውን ይመስላል። አጎቴ ሎሚ ጨመቀበት፣ ሚጥሚጣ ነሰነሰበት፣ በጣቶቹ አነሳው። የመጀመሪያው ጉርሻ የማን እንደሆነ ደግሞ በእኛ ቤት አይጠየቅም፤ የአያቴ ነው።

"አባባ፣ ይጉረሱልኝ፤ በሞቴ!"

በአገራችን ሲያጎርሱ "በሞቴ" ነው የሚባለው። ያን ቀን ግን ሞቱ የአጎቴ እንዳልሆነ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። አባባ ስኳር አለባቸው። መጽሐፉ ላይ ያለው ባክቴሪያ ቪብሪዮ ይባላል፤ በሞቃት የባሕር ዳርቻ ውኃ ውስጥ ይኖራል። ኦይስተር ቀኑን ሙሉ ያንን ውኃ እንደ ወንፊት ሲያጣራ ይውላል፤ ውኃው ይወጣል፣ ባክቴሪያው እዚያው ይቀራል። ሽታውም መልኩም አያሳብቅበት። ጤነኛውን በተቅማጥ ለቅቆት ሊሄድ ይችላል፤ ስኳር ያለበትን ሰው ግን ደሙ ውስጥ ገብቶ ሊገድለው ይችላል።

አባባ አፋቸውን ከፈቱ። እኔም ከፈትኩ፤ ድምፅ የለም። ጉርሻ እምቢ ማለት ነውር በሆነበት ቤት፣ የሌላ ሰው ጉርሻ ማስቆም ምን ይባላል? ስም እንኳን አልወጣለትም። የአጎቴ ጣቶች ጢማቸው ጋ ሲደርሱ፣ ከየት እንደመጣ የማላውቀው ጩኸት ከጉሮሮዬ ወጣ።

"አባባ፣ እንዳይውጡት!"

አባባ አፋቸውን ግጥም ሲያደርጉት ኦይስተሩ ጢማቸው ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። ሁሉም ዓይኑን ወደ እኔ አዞረ። ያስደነገጣቸው ባክቴሪያው እንዳይመስላችሁ።

"ይቺ ልጅ ትናገራለች እንዴ?" አለ አጎቴ።

ገጹን በቃሌ አነበነብኩት። አጎቴ ሊረታ አልፈለገም። በበረዶ ነው ያመጣሁት አለ። በረዶ ያስተኛዋል እንጂ አይገድለውም አልኩ። ሎሚውስ? እሱም አይችለውም።

"ሚጥሚጣውስ? የሐላባ በርበሬ ነው እኮ፣ ስንቱን ጎረምሳ ያስለቅሳል!"

"ባክቴሪያ ዓይን የለውም፣ አያለቅስም።"

አባባ ጢማቸውን በመሀረብ እየጠረጉ፣ "ታዲያ ምንድን ነው የሚገድለው?" አሉኝ።

"እሳት፣ አባባ።"

"እሳትማ መች ጠፋ" ብላ እናቴ ሳጥኑን ወደ ማድ ቤት ወሰደችው። ቀቀለችው። አክስቴ ደግሞ አላመነችውምና እንደገና አስቀቀለችው። በመጨረሻ አጎቴ አንዱን ቀምሶ ለረጅም ጊዜ አላመጠና፣ መዋጥ ሲያቅተው አውጥቶ እያየው፣ የኋላ ጎማዬ ሲያልቅ በዚህ እቀይረዋለሁ አለ።

አባባ ግን ደስታቸው ወሰን አጣ። ነፍሴን ያተረፈች ልጅ እያሉ መረቁኝ፣ ከጎናቸውም አስቀመጡኝ። በዚህ መካከል እናቴ ጠዋት ከታረደው በሬ ጥሬ ሥጋ በትሪ አቀረበች። አባባም ትልቁን ቁራጭ በቆጮ ጠቅልለው፣ ሽልማቴን ወደ አፌ ዘረጉ።

እናቴን ጠጋ አልኩና፣ የሚቀጥለው ገጽ ላይ ጥሬ ሥጋም የኮሶ ትል ሊኖርበት እንደሚችል ተጽፏል ብዬ ሹክ አልኳት።

"እሱንማ መጽሐፍሽ ሳይጻፍም እናውቀዋለን" አለች። "ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል። ክኒኑን ለሁላችንም ገዝቼ ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀምጫለሁ። ይልቅ የአባባ እጅ ሳይዝል አፍሽን ክፈቺ!"

ከፈትኩ። የባሕሩን ጠላት ድል ያደረገች ጀግና በየብሱ ጠላት እጅ ወደቀች፤ ያውም "አንድ ጉርሻ ያጣላል" ተብሎ፣ ሁለት ጊዜ።