በስብሰባው ላይ የወረደው የእንግዳ ፍራሽ

ኧረ ጉድ! ዛሬ የደረሰብኝን ብነግራችሁ አታምኑም!

የገርጂ ሰው በሙሉ አይቶኛል፣ የቀራችሁት እናንተ ብቻ ናችሁ። ከሰው ከምትሰሙት ከራሴ ስሙት ብዬ ነው።

እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። እኔ እናገራለሁ፣ የልጅ ልጄ ሀያት ትጽፋለች። ስትስቅ የሳተችው ፊደል ካለ ጥፋቱ የሷ ነው!

ነገሩ እንዲህ ነው። ታላቅ እህቴ እታለም ፋጤ ዓይኗን ልትታከም ከደሴ መጣች። የዓይን ሞራ ነው። ሞራው ከወጣላት በኋላ ደግሞ ማረፍ አለባት። የት ትረፍ?

ጭቅጭቁ እዚህ ላይ ነው!

የወንድማችን ልጅ ሰዒድ ቦሌ ትልቅ ቤት አለው፣ ክፍሉ ብዙ። እኔ ያለችኝ ሦስተኛ ፎቅ ላይ አንዲት ስቱዲዮ ኮንዶሚኒየም ናት። አንድ አልጋ፣ አንድ ሶፋ፣ አለቀ። ሶፋው የሀያት ነው።

ባለፈው ስትመጣ አልጋዬን ለቀቅኩላትና እኔ መሬት ላይ አነጠፍኩ። "አንቺን መሬት አስተኝቼ እኔ አልጋ ላይ? ወላሂ አላደርገውም!" ብላ በነጋታው ሰዒድ ጋ ሄደች።

ሰዒድ ጨዋ ልጅ ነው፣ ክፉ አልለውም። ግን እሱም ሚስቱም ጠዋት ወጥተው ማታ ነው የሚገቡት። ዓይኗ ታሽጎ ባዶ ሳሎን ውስጥ ማን ሊያጫውታት ነው? ቴሌቪዥኑ?

እኔ እህቴን እፈልጋታለሁ! እናታችን ከሞተች ወዲህ "ዘሙ" ብሎ የሚጠራኝ እሷ ብቻ ናት።

ይሄኔ ሀያት "በአየር የሚነፋ ፍራሽ እንግዛ" አለችኝ። እንግዳ ሲመጣ ይነፋል፣ እንግዳ ሲሄድ ታጥፎ አልጋ ስር ይገባል። ድንቅ!

ሃያ ሁለት ሰፈር ካሉት ሱቆች ሄድን።

ስሙኝማ፣ እኔን ማንም አያታልለኝም! ባለቤቴ፣ አላህ ይዘንለትና፣ የከባድ መኪና ሾፌር ነበር። ጎማ እንዴት እንደሚፈተሽ ሳይ ነው የኖርኩት።

ባለሱቁ መጀመሪያ ያሳየኝ ፓምፑ ከሆዱ ውስጥ የተገጠመለትን ነው። "እማማ፣ ሶኬት ላይ ይሰኩታል፣ ሻይዎን ይጠጣሉ፣ እሱ ራሱ ይነፋል።"

"መብራት ሲጠፋስ?"

ቀና ብሎ አምፖሉን አየ።

"ፓምፑ ቢበላሽስ? ከሆዱ አውጥተህ ትቀይርልኛለህ?"

ያንን መልሶ ሌላ ፍራሽ በእግር ከሚረገጥ ፓምፕ ጋር አወረደልኝ። ፓምፑ ለብቻው ነው፣ ቢበላሽ እሱን ብቻ መቀየር ነው። መብራትም አይለምንም። ይሄ ነው የኔ ዕቃ!

"ንፋው" አልኩት። ሲረግጥ ሲረግጥ ላቡ ወረደ። የአየር ማስገቢያው ላይ ጆሮዬን ለጥፌ አዳመጥኩ። ዙሪያውን የሳሙና ውሃ አስቀባሁት፣ አረፋ ከተነፋ ቀዳዳ አለው ማለት ነው፣ ጎሚስታ ቤት እንደዚህ ነው የሚያደርጉት። አረፋ የለም።

"በል አሁን ተኛበት።"

"እማማ፣ ሱቅ ውስጥ?"

"ተኛ! እህቴ ናት የምትተኛበት!"

ተኛ የኔ ጌታ። አንዷ ደንበኛ በር ላይ ብቅ ብላ "ውይ፣ ታሟል እንዴ?" ብላ ደነገጠች። "ደህና ነው፣ እየሞከርኩት ነው" አልኳት።

ቤት ወስጄም አላመንኩትም። ነፋሁትና ጆንያ ጤፍ ጭኜበት አደርኩ። ጠዋት ሳየው ትንሽ ለስልሷል። ልሳደብ ስል "አዲስ ፕላስቲክ መጀመሪያ ይለጠጣል እማዬ፣ ጨምሪበት" አለች ሀያት። ጨመርኩበት። እንደ ከበሮ ተወጠረ!

አንድ ነገር ብቻ። ሽታው! አዲስ ፕላስቲክ አይደል፣ ይሸታል። እታለም ፋጤ ደግሞ ዓይኗ ደከመ እንጂ አፍንጫዋ አልደከመም።

ታዲያ የኛ ሰው እንግዳ ሲመጣበት ፍራሹን ምን ያደርጋል? ፀሐይ ያስመታል!

ዛሬ እሁድ፣ ፀሐዩ ቆንጆ፣ ፍራሹን በረንዳው ብረት ላይ አንጠለጠልኩት።

"እማዬ፣ እሱ እኮ እንደ ስፖንጅ አይከብድም! ደግሞ ፀሐይ ላይ አየሩ ያብጣል፣ ትንሽ አስተንፍሺለት" አለችኝ ሀያት።

"አንቺ ሳትወለጂ ፍራሽ ሳሰጣ የኖርኩ ነኝ!"

ከዚያ ምን አደረግኩ መሰላችሁ? ዱላ አመጣሁ።

አዎ፣ ዱላ! ፍራሽ ፀሐይ ላይ ሲወጣ ይመታላ፣ አቧራው እንዲራገፍ። ይሄኛው አቧራ ከየት ያመጣል? ሆዱ አየር ነው! እጄ ግን መች አወቀ፣ የለመደውን ነው የሚያደርገው።

አንዴ አሳረፍኩበት።

ዱላው ነጥሮ ግንባሬን ለጥቂት ሳተኝ። ፍራሹም ነጥሮ ከብረቱ ተላቀቀ። ንፋስ ከስሩ ገባለት።

በረረ!

ሰማያዊ ነው ደግሞ፣ ከሩቅ ይታያል። ተንሳፈፈ፣ ዘወር አለ፣ ምንም ሳይቸኩል ወደ ታች።

ታች ማን አለ? የብሎካችን ስብሰባ! በውሃ ታንከሩ ጉዳይ ሊጨቃጨቁ በፕላስቲክ ወንበር ተደርድረዋል። ሊቀመንበሩ ጋሽ ታደሰ ቆመው "ሥነ ሥርዓት! ሥነ ሥርዓት ይከበር!" እያሉ ነው።

ራሳቸው ላይ አረፈ።

ወንበሩ ተገለበጠ፣ ሰው ተበታተነ! "ጣሪያው ወረደ!" የሚል አለ። ልጇን አቅፋ የሮጠች አለች። እኔ ከላይ ምን ብል ጥሩ ነው? ይቅርታ ብል ምን ነበረበት?

"አትርገጡት! እንግዳ ይተኛበታል!"

ሰው ሁሉ ቀና አለ። እኔ፣ ከነዱላዬ።

መሬት ተከፍታ ትዋጠኝ እንዳልል ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነኝ!

ይሄ ሳያንሰኝ የሰዒድ መኪና በግቢው በር ገባች። እታለም ፋጤን ከላምበረት መናኸሪያ ተቀብሎ፣ እኔን ሰላም አስብሎ ወደ ቦሌ ሊወስዳት ነው ሐሳቡ።

ደረጃውን ቀስ ብላ ወጣች። ሳምኳት፣ አለቀስኩ፣ ሶፋው ላይ አስቀመጥኳት። ውሃ እንኳ ሳትጠጣ ምን ትለኛለች?

"ዘሙ፣ አሁን ታች ስንገባ ሰማያዊ ነገር ከፎቅ ሲወርድ አየሁ። እውነት ነው ወይስ ይሄ ዓይኔ ባሰበት?"

ምን ልበላት? ገና ከመግባቷ ውርደቴን ላውራላት?

"ዓይንሽ ነው እታለም። አብሽሪ፣ ለሱ አይደል የመጣሽው?"

ሰዒድ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ትከሻው ይንቀጠቀጣል።

በሩ ተንኳኳ።

ጋሽ ታደሰ! ፍራሹን ተሸክመው! "እማማ ዘምዘም፣ ይሄ ከሰማይ የወረደው የእርስዎ ነው? በአጀንዳ አልተያዘም ነበር።"

እታለም ፋጤ ሻርፗን ወደ ኋላ ጣል አደረገች። "ዓይኔስ ደህና ነው! ሰዒድ፣ ወደ ደሴ መልሰኝ፣ የታመመችው ዘሙ ናት!"

ጋሽ ታደሰ እንኳ፣ ያ ኮስታራ ፊታቸው ተፈቶ፣ ሳቃቸው ደረጃው ድረስ ተሰማ።

ፍራሹ ግን አንድ ጭረት የለውም! ከሦስተኛ ፎቅ ወርዶ ትንፍሽ አላለም! ምርጫዬን አያችሁ?

ወዲያው መሬት ላይ ዘርግቼ አንሶላ አለበስኩት። "እስቲ ተቀመጪበት እታለም።"

ሰዒድ ሰዓቱን አየ። "አክስቴ፣ እኔ ጋ ክፍሉ ተዘጋጅቷል። እዚህ ጠባብ ነው፣ ይጨናነቃሉ። ትንሽ ይረፉና እንሄዳለን።"



እታለም ፋጤ ተቀመጠች። ሰመጠች! ጉልበቷ አገጯ ጋ ደረሰ።

"ደግ ነው፣ ለስላሳ ነው" አለች። ከዚያ ልትነሳ ሞከረች። ወደ ግራ ተንከባለለች። ወደ ቀኝ ተንከባለለች። የለም!

"እንዲህ ነው እኮ!" ብዬ ላሳያት ከጎኗ ዱብ አልኩ። እኔ ዱብ ስል እሷ ብድግ አለች፣ መልሳ እኔው ላይ ወደቀች። ሁለት አሮጊት መሃል ላይ ተጠቀለልን!

ሰዒድ እጁን ዘረጋላት። "ይነሱ አክስቴ፣ ቦሌ እንሂድ።"

እንባዋ እስኪወርድ እየሳቀች እጁን ገፋችው። "ማን ነው የሚነሳው ልጄ? ያንተ ቤት ሰፊ ነው፣ አላህ ይባርክልህ፣ ግን እንዲህ የሚያስቀኝ ሰው የለበትም። ሂድ ሻንጣዬን አምጣ!"

ሰማችሁ? ሻንጣዬን አምጣ!

በኋላ ሰዒድና ሀያት ግራና ቀኝ ይዘው አወጡን። አልጋው ለሷ፣ ፍራሹ ለኔ። "ይሄ መሬት አይደለም እታለም፣ አየር ነው" ብዬ አሳመንኳት።

እንግዲህ ከኔ ተማሩ። ማስገቢያውን አዳመጥኩ፣ ዙሪያውን በሳሙና ፈተሽኩ፣ ፓምፑን መረጥኩ፣ ባለሱቁን አስተኛሁ። ከፍታውን ማን አሰበው! ባለሱቁ ጎረምሳ ነው፣ ዘሎ ተነሳ። እኔ ራሴ መች ተኛሁበት? ለትልቅ ሰው ስትገዙ ወፍራሙን፣ ከመሬት ከፍ ያለውን ግዙ። የሚተኛበትም ሰው ራሱ ተኝቶ ይነሳበት!

አሁን እታለም ፋጤ አልጋዬ ላይ ታንኮራፋለች። እኔ ፍራሹ ላይ ተንጋልዬ ነው ይሄን የማስጽፈው። የመግሪብ ሶላት ሊደርስ ነው፣ ውዱእ አላደረግኩም፣ ሀያት ደግሞ ስልኩን ይዛ መሳቅ እንጂ እጇን አልዘረጋችልኝም።

የምታውቁ ካላችሁ ቶሎ ኮመንት ላይ ጻፉልኝ፦ ሰው ከዚህ ነገር ላይ የሚነሳው በየት በኩል ነው?!