ለአባቴ እጅ የሚሆን ከቨር

እኛ የምንወደውን ነገር መሸፈን እንወዳለን። አትካዱ። እስቲ ይህን ከምታነቡበት ቀና በሉና ቤታችሁን ቃኙት። ሪሞቱ ላስቲክ ለብሷል። ሶፋው ላይ ጨርቅ አለ፤ ጨርቁ ላይ ደግሞ ጨርቁ እንዳይቆሽሽ ሌላ ጨርቅ አለ። ቴሌቪዥኑ ሲጠፋ ዳንቴል ይከናነባል። ፍሪጁ ላይ ከፋብሪካ ሲወጣ የተለጠፈበት ወረቀት ዛሬም አለ፤ ፍሪጁ ሲገዛ ያልተወለደው ልጅ አሁን ጢም አብቅሏል። ጎረቤቴ አዲስ ባጃጅ ሲገዛ የመቀመጫውን ላስቲክ አላነሳም። በሐዋሳ ፀሐይ ተሳፋሪው ላስቲኩ ላይ ይጣበቅና ሲወርድ እንደ ፕላስተር ድምፅ እያሰማ ይላቀቃል። ጎረቤቴ ቅር አይለውም። አዲስ ነዋ።

ይህን የምለው ለመንቀፍ አይደለም፤ እኔም ቤት ያለው ሪሞት ራቁቱን አይደለም። በስንት ልፋት የተገኘ ዕቃ ቶሎ እንዲያረጅ ማን ይፈልጋል? እኔን የሚከነክነኝ ከመሸፈኑ በኋላ የሚመጣው ነው። ሸፍነን ሸፍነን ስናበቃ መንካት እንከለክላለን። ጥሩ ጥሩ ብርጭቆዎቻችን ቡፌ ውስጥ የእንግዳ ያለህ እያሉ ዕድሜያቸውን ይጨርሳሉ፤ እንግዳው በስንት ጊዜ ሲመጣ ደግሞ ይሰብርብናል ብለን በፕላስቲክ ኩባያ ውሃ እንሰጠዋለን።

ነገሩ በዕቃ ላይ ቢቆም ምን ነበረበት። አይቆምም፤ ወደ ታላላቆቻችንም ይሻገራል። አንድ አዛውንት ወንበር ሊስቡ እጃቸውን ሲዘረጉ የቤቱ ሰው በሙሉ ብድግ ይላል። ፌስታል ይዘው ከመጡ ገና በሩ ላይ እንነጥቃቸዋለን። ውሃ ሊቀዱ ከተነሱ እንቆጣለን፤ ምነው፣ እኛ የለንም እንዴ እንላለን። አክብሮት ነው፣ ያውም ከልብ የሆነ። ታዲያ ከጧት እስከ ማታ አንድ ነገር በእጃቸው ሳይዙ የሚውሉ ሰዎች እንፈጥርና፣ ለምን ዝም ዝም እንዳሉ ግራ ይገባናል።

አባቴ የጭነት መኪና ሹፌር ነበሩ። ከሰሜን ወጥተው እዚህ የቀሩት በሥራ ምክንያት ነው፤ ዕድሜያቸውን ያሳለፉት ግን ሐዋሳ ላይ ሳይሆን ከሐዋሳ በሚወጡት መንገዶች ላይ ነው ቢባል ይቀላል። ጡረታ ከወጡ ብዙ ቆይተዋል። ባለፈው ዓመት እህቴ ጽጌ ታብሌት ገዛችላቸው። ሐሳቧ መዝሙርና ስብከት እንዲያዳምጡበት ነበር። ጥቂት ቀን በትህትና አዳመጡ። ከዚያ አንድ ከሰዓት በኋላ ባለቤቴ እንዲያው ለጨዋታ ያህል የሳተላይት ካርታ ከፍታ አሳየቻቸው። መዝሙሩ በዚያው አከተመ።

አስቡት እንግዲህ፤ ዕድሜውን ሙሉ መንገድን ከፊት ለፊት ሲያይ የኖረ ሰው በስተርጅና መንገዱን ከላይ አየው። አባቴ ቁርስ በልተው በረንዳ ላይ ይቀመጡና "ይነሳሉ"። በጣታቸው ሐዋሳን ለቀው ይርጋለምን ያልፋሉ፣ ዲላ ይገባሉ፣ ይርጋ ጨፌ ላይ ዳገቱን ያስታውሳሉ። እያንዳንዱ መታጠፊያ ላይ ፍጥነታቸውን ይቀንሳሉ። ከካርታው ጋር ይከራከራሉ፤ እሱ ቡሌ ሆራ ሲል እሳቸው በድሮ ስሙ ሐገረ ማርያም ይላሉ፣ እሱ ዝም ሲል እሳቸው እዚህ ጋ እኮ ድልድይ ነበረ ይላሉ። ምሳ ደርሷል ሲባሉ፣ ያቤሎ ልገባ ትንሽ ነው የቀረኝ ብለው ያስጠብቁናል። ከእናቴ ሞት ወዲህ እንዲህ ሆነው አይቻቸው አላውቅም ነበር።

ችግሩ እጃቸው ነው። ይንቀጠቀጣል። ሐኪሙ መድኃኒት ሰጥቷቸዋል፤ መድኃኒቱ ያረግበዋል እንጂ አያቆመውም። አንድ ጧት ታብሌቱ ከእጃቸው ወጣና በረንዳው ሲሚንቶ ላይ ወደቀ፤ የመስታወቱ አንድ ጥግ ተሰነጠቀ።

ጉድ ፈላ። እኔ፣ ባለቤቴና ጽጌ ተሰበሰብን። አባቴ ሳሎን ተቀምጠው እኛ ስለ እሳቸው ጓዳ ገብተን ተማከርን። ውሳኔያችንም ከፍቅር የመነጨ ነበር፤ ከእንግዲህ አባባ ታብሌቱን አይይዙም፣ እኛ እንይዝላቸዋለን። አደረግነው። ጽጌ ስትይዝ ትቸኩላለች፤ አንዴ በጣቷ ገፋ ካደረገችው ዲላ ከነሕዝቡ ያልፋል። እኔ ስይዝ ክንዴ ይደክምና መንገዱ ያዘነብላል። አባቴ ተመለስ፣ ቀስ በል፣ ወደ ግራ እያሉ ትንሽ ቀን ታገሱን። በኋላ ማዘዙንም ተዉት። ያን ሁሉ ዘመን ሹፌር የነበረን ሰው እርጅናው ላይ ተሳፋሪ አደረግነው። ታብሌቱም ቡፌው ላይ ወጣ፤ ባለቤቴም አቧራ እንዳይነካው ዳንቴል አለበሰችው።

አንድ ቅዳሜ ምሳ ላይ አባቴ ሳህናቸውን ገፋ አደረጉና፣ "ወይ በእጄ ልያዘው፣ ወይ ከፊቴ አንሱት" አሉ። "ሰው ይዞልኝ መንገድ አላይም።"

ጽጌ ለማባበል ሞከረች። አንዴ ከወደቀ መስታወቱ እንደማይተርፍ፣ ሌላ ታብሌት መግዛት ደግሞ በዚህ ጊዜ እንደማይታሰብ፣ ይልቅ ያለውን ቴሌቪዥን ግድግዳው ላይ ሰቅለን ካርታውን ብንከፍትላቸው እንደሚሻል አስረዳቻቸው። አባቴ ቡፌው ላይ ወዳለው ዳንቴል ዞረው አዩ። ያ አስተያየታቸው ልቤን አሳመመው። የሚነጠቁት ካርታውን ብቻ እንዳልሆነ ገባኝ፤ በገዛ እጃቸው የሚይዙት የመጨረሻ ነገር እሱ ነበር። እዚያው ቆረጥኩ። ለዚህ እጅ የሚሆን የታብሌት ከቨር ሐዋሳ ውስጥ ካለ አባባን ይዤ ወጥቼ አገኘዋለሁ፣ ከሌለም ሻሸመኔ እሄዳለሁ አልኩ። ጽጌ፣ እሺ ገዝተህ አምጣላቸው፣ እሳቸውን ለምን ታደክማቸዋለህ አለችኝ። ዞር ስል አባቴ ኮፍያቸውን አድርገው በሩ ላይ ቆመዋል።

መሃል ከተማ ውስጥ ከቨር የማይሸጥበት ሱቅ የለም። ጫማ ሻጩም ይሸጣል። የመጀመሪያው ሱቅ ባለቤት አበባ ያለበት፣ ወርቃማ ጠርዝ ያለው፣ እንደ ቦርሳ የሚከፈት አንድ ነገር አወጣልን፤ ሙሽራ ብትይዘው ያምርባት ነበር። ኦርጅናል ነው አለ። ኦርጅናል ያልሆነ ዕቃ የሚሸጥ ሰው እስካሁን አልገጠመኝም።

አባቴ፣ ቢወድቅስ ብለው ጠየቁት።

"ኧረ አባባ፣ ክፉ አይናገሩ። አይወድቅም።"

እኔም አባቴን ከሃፍረት ላድን ብዬ፣ ለጥንቃቄ ያህል ነው አልኩት። አባቴ ዞር ብለው አዩኝና፣ ለጥንቃቄ አይደለም፣ እጥለዋለሁ አሉ። ሰውዬው ደነገጠ። አበባው ላይ ያለውን አቧራ ጠረገና እንደገና አይወድቅም አለን።

ሁለተኛዋ ሱቅ ውስጥ ያለችው ሴት የባሰች ደግ ነበረች። ከወንበሯ ተነስታ አባቴን አስቀመጠቻቸው፣ ውሃ አቀረበችላቸው፣ ቀጭን ጥቁር ከቨር ሰጠቻቸው። ቢወድቅስ ሲሏት እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ በጌታ ስም አይወድቅም አለች።

"ጌታ ይጠብቀው" አሉ አባቴ፣ "እሱ ግን የሚጠብቀው ብዙ ነገር አለው። ይሄኛውን እኔ እጥለዋለሁ፣ ልጄ።"

እንዲህ እያልን ስንት ሱቅ እንደዞርን አትጠይቁኝ። በየሄድንበት ስለ መውደቅ መጠየቅ ነውር ሆነብን። አያድርገውና ሳንል አደጋ የሚለውን ቃል የማንጠራ ሰዎች ነን፤ ይህ ደግሞ ለሌላው ሁሉ ደህና ነው፣ የሚወድቅ ዕቃ ላለው ሰው ግን አይሠራም። ከተማው ውስጥ ያለው ከቨር በሙሉ ለማይወድቅ ታብሌት የተሠራ ነበር። ፀሐዩ ከረረ። አባቴ እግራቸውን መጎተት ጀመሩ፤ ቤት እንግባ እንዳልላቸው ግን ከፊቴ ከፊቴ ይሄዳሉ።

በመጨረሻ የገባንባት ሱቅ ጠባብ ናት። ባለቤቷ ማርታ ትባላለች፤ ጎልማሳ ናት፣ ከጀርባዋ ቻርጀርና ገመድ እንደ ቋንጣ ተሰቅሏል። አባቴ ደክሟቸው ስለነበር ከሰላምታው በኋላ ወዲያው፣ እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ዕቃ እጥላለሁ አሏት። ማርታ ክፉ አይናገሩ አላለችም። ሲቆሙ ነው ሲቀመጡ የሚወድቅብዎት ብላ ጠየቀች። ስቀመጥ ነው አሉ። ወለሉ ምንድን ነው? ሲሚንቶ። በየትኛው እጅ? አባቴ ቀኝ እጃቸውን ባንኮኒው ላይ አውጥተው አሳዩዋት፤ ጧት ጧት እንደሚብስ፣ ሰው ሲያየው ደግሞ እንደሚጨምር ነገሯት። ይህን የመጨረሻውን እኔ አላውቅም ነበር። ሐኪም ቤት ስንሄድ የሚናገረው ሁልጊዜ እኔ ነኛ።

ማርታ በመጀመሪያ ያወጣችው አረንጓዴ፣ እንደ ስፖንጅ የወፈረ፣ እጀታ ያለውና አናቱ ላይ የእንቁራሪት ዓይን የተለጠፈበት ከቨር ነው። አባቴ እንቁራሪቱን አዩት። እንቁራሪቱም አባቴን አየ። ይሄ የልጅ ነው አሉ። ማርታ፣ ልጆችም ይጥላሉ ብላ ሳትከራከር መለሰችውና ከታች ሌላ አወጣች። ይኸኛው ጥቁር ነው፤ ጠርዙ ወፍራም ጎማ፣ ጥጎቹ ያበጡ፣ ጀርባው ላይ እጅ የሚሰድዱበት ሰፊ ማሰሪያ ያለው። በየገጠሩ እየዞሩ የሚሠሩ ሰዎች ናቸው የሚወስዱት አለች። ቁመናው አያምርም። አባቴ ጎማውን በአውራ ጣታቸው ተጫኑት፣ ከዚያ አሸተቱት፤ የድሮ ወዳጅ መንገድ ላይ ያገኙ ይመስል ፊታቸው ፈታ አለ። ይዘን የመጣነውን ታብሌት አስገባችላቸው። እኔ ከበደ አልኩ። ይክበድ አሉ። እጃቸውን ማሰሪያው ውስጥ ሰደዱት። መንቀጥቀጡ አልቀረም፤ ታብሌቱ ግን አብሯቸው ተንቀጠቀጠ እንጂ ጥሏቸው አልሄደም።

ከዚያ እጃቸውን አወጡና ታብሌቱን ከባንኮኒው ወዲህ፣ ከባዶው ሲሚንቶ በላይ ያዙት። ምን ሊያደርጉ እንደሆነ ሲገባኝ ሳላስበው እጄን ዘረጋሁ።

"እጅህን ሰብስብ" አሉኝ።

ማርታን አዩዋት። ማርታም፣ የራስዎ ነው አባባ፣ ይጣሉት አለች።

እስከዚያች ቀን ድረስ ታብሌቱ ከእጃቸው ወድቆ ያውቃል፤ እሳቸው ግን ጥለውት አያውቁም። ጣሉት። ወፍራም ድምፅ አሰማ፣ ነጠረ፣ በፊቱ ተደፋ። ማርታ አንስታ ሰጠቻቸው። ካርታው ላይ ያለው መንገድ እንደበራ ነው፤ ስንጥቁም ያው የድሮው ስንጥቅ ነው። አባቴ እንደገና ጣሉት፣ በጥጉ። አሁንም አልጠፋም። በር ላይ ሰው ተሰበሰበ፤ አንዱ አላፊ ማስታወቂያ እየተቀረጸ ነው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አይ፣ አባቴ ናቸው አልኩት፤ ስለው ኮራሁ።

ጽጌ አላመነችንም። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እስቲ በዓይኔ ልየው ብላ መጣችና ሁላችንም ሐይቅ ዳር ወጣን። ዋርካው ጥላ ሥር ጠረጴዛ ይዘን ተቀመጥን። አባቴ እጃቸውን ማሰሪያው ውስጥ ከተው ቁልቁል ወደ ሞያሌ ይነዳሉ። እኔና ጽጌ ወግ የያዝን እንመስላለን እንጂ ዓይናችን ሌላ ቦታ ነበር። ለስላሳ መጣ። አባቴ ጠርሙሱን ሊያነሱ እጃቸውን ከማሰሪያው አወጡ፤ ታብሌቱ ከጭናቸው ተንሸራቶ ድንጋይ ንጣፉ ላይ ወደቀ።

የሆነውን መገመት አያቅታችሁም። ጽጌ ተነሳች። አስተናጋጁ ሳህን እንደያዘ ሮጠ። ከጎናችን ያሉ የማናውቃቸው ባልና ሚስት ሁለቱም ወንበራቸውን ገፉ፤ ከወዲያም ከወዲህም እኔን፣ እኔን የሚል ድምፅ ተሰማ። አባቴ ያችን የምትንቀጠቀጥ እጃቸውን ከፍ አደረጉ።

"ተዉት። መውደቅ ይችላል።"

ሰው ሁሉ ባለበት ቆመ። አባቴ ጠረጴዛውን በግራ እጃቸው ይዘው ጎንበስ አሉ። ቆዩ። በጣም ቆዩ። ጽጌ እንዳታነሳላቸው ክንዷን ያዝኩ፤ ክንዷን የያዝኩት ራሴም እንዳላነሳላቸው ብዬ ነው። በጣታቸው ማሰሪያውን ፈለጉት፣ ሳቱት፣ እንደገና ፈለጉት፣ አገኙት። ቀና ሲሉ ፊታቸው ቀልቶ ነበር። አቧራውን በኮታቸው እጀታ ጠረጉ። ካርታው በርቷል፤ ሲወድቅ ግን ተንሸራቶ የትም የማይታወቅ ሜዳ ላይ ቆሟል።

"የት ደርሰን ነበር?" አሉን።

እኔ ጽጌን አየኋት። ጽጌ እኔን አየችኝ። ያን ያህል ሰዓት አጠገባቸው ተቀምጠን አንዳችንም መንገዱን አላየነውም፤ ስናይ የቆየነው እጃቸውን ነበር። አባቴ፣ ሹፌር መንገድ ላይ ያንቀላፋ ረዳቱን በሚያይበት ዓይን ተራ በተራ አዩን። ከዚያ መነጽራቸውን አስተካክለው መንገዱን ብቻቸውን መፈለግ ጀመሩ።