ለአየር ለውጥ ቦሬ የሄደው ጠላ

በዚህች ምድር ላይ ቴርሞሜትር እንደጨበጠ ባል አደገኛ ፍጥረት የለም! እባብ እንኳ ካልነኩት አይነካም። ቴርሞሜትር የያዘ ባል ግን ሳይነኩት ጓዳ ይገባል... ክዳን ይከፍታል... "ሠላሳ ሁለት ዲግሪ!" ብሎ ይጮኻል። ከዚያ ወዲያ በቤቱ ሰላም የለም።

ይህን የምለው ሐሜት አይደለም፤ ባልየው እኔ ነኝ። ነገሌ ቦረና ፊዚክስ አስተምራለሁ። ባለቤቴ ጥሩወርቅ ቦሬ ተወልዳ ያደገች፣ ጠላ መጥመቅን ከእናቷ የተማረች ባለሙያ ናት። ቦሬ ብርድ ነው፤ ጠላ ቀስ ብሎ፣ አስቦበት ነው የሚፈላው። ነገሌ ላይ ግን... ማክሰኞ የደፈደፋችሁት ሐሙስ ኮምጣጤ ሆኖ ይጠብቃችኋል።

አምና የሚካኤል ማኅበር ተራችን ደርሶ ይኸው ጉድ ወጣብን። የማኅበሩ መሪ፣ ሙሴው ጋሼ ዘነበ፣ ጡረታ የወጡ ሃምሳ አለቃ ናቸው፣ አንድ ጊዜ ተጎነጩና ፊታቸውን አጨፍግገው፣

"ልጄ፣ ሰላጣውስ የታለ?" አሏት ጥሩወርቅን።

ማኅበርተኛው ሳቀ። እኔም ሳቅኩ... (ይህን ለማንም እንዳትነግሩብኝ!) ጥሩወርቅ ግን ማዕድ ቤት ገብታ አለቀሰች። "የሚቀጥለውም ከኮመጠጠ ጋኑን በገዛ እጄ እሰብረዋለሁ፤ ሁለተኛ ጠላ አልነካም!" ብላ ማለች። ጋኑ የእናቷ ስጦታ ነው፤ እሷ ደግሞ ካለች አለች ናት። አንጀቴን በላችው።

ዘንድሮ ተራችን የካቲት ላይ ወደቀ፤ የነገሌ ፀሐይ አናት በምትበሳበት ወር። እኔም ቆርጬ ተነሳሁ። ነገሩ የሙቀት ጉዳይ ነው! ሙቀት ደግሞ የእኔ ሙያ ነው! ከትምህርት ቤቱ ቤተ ሙከራ ቴርሞሜትር ተውሼ፣ በክር አንጠልጥዬ በየሁለት ሰዓቱ ጋኑ ውስጥ መንከር ጀመርኩ። ግድግዳው ላይ ሰንጠረዥ ለጠፍኩ። ጠዋት ሃያ ስድስት፣ ቀትር ላይ ሠላሳ ሁለት...

"ምን ሆነ ብለህ ነው እንዲህ የምትለካው? ታመመ እንዴ?" አለችኝ።

"እየተከታተልኩት ነው።"

"እኔ ሆዱን በእጄ ዳስሼ አውቀዋለሁ። አንተ ብቻ ክዳኑን አትክፈትብኝ!"

"እጅ ዲግሪ አያውቅም፣ ጥሩ!"

"ያንተስ ዲግሪ ጠላ መቼ ያውቃል?"

ሰምቼ እንዳልሰማ ሆንኩ። ጋኑን እርጥብ ጆንያ አለበስኩት። በጋሪ ከሚመጣልን ውሃ ግማሹን እሱ ጨረሰው፤ ልጆቹ በአንድ ጣሳ ፊታቸውን ተጣጠቡ። በቤታችን ያለችውን አንዲት ቬንትሌተርም ወደ ጓዳ አዞርኩለት። ጥሩወርቅ በነጠላዋ ጫፍ ፊቷን እያራገበች በር ላይ ቆማ አየችኝ።

"አሥራ ሁለት ዓመት አብረን ስንኖር አንድ ቀን ለእኔ እንዲህ ተጨንቀህ ታውቃለህ?"

ደግነቱ መብራት ጠፋና ወሬው ተቀየረ።

ሠላሳ ሁለት ግን ንቅንቅ አልል አለ። ያኔ ነው ሐሳቡ የመጣልኝ... ሰው ሲታመም ለአየር ለውጥ ደጋ ይላክ የለም እንዴ? ጠላስ ምን በደለ? ቦሬ አማቴ አሉ! ብርድ አለ! የመንፈቅ ዓመት እረፍት ስለሆነ እኔም ጊዜ አለኝ!

ጥሩወርቅ ስትሰማ ትቆጣለች ብዬ ነበር። አልተቆጣችም። ትንሽ አሰበችና፣

"ስንት ቀን ትቆያለህ?" አለችኝ።

"አራት ቀን።"

"እንግዲያው ሁለት ጀሪካን ቅዳና ሂድ፤ የቀረው እዚሁ ይሁን። መንገዱን ያቅናልህ!"

እንዲህ ቶሎ መስማማቷ ሊያጠራጥረኝ ይገባ ነበር።

አማቴ እማማ ብርቄ ሁለት ጀሪካን ይዤ በራቸው ላይ ስቆም ሲያዩኝ ደነገጡ።

"ምነው ልጄ፣ ነገሌ ውሃ ጠፋ እንዴ?"

"አይ እማማ፣ ጠላ ነው። ሙቀቱ አልስማማው ብሎ ነው የመጣው።"

ጀሪካኖቹን አዩ፣ እኔን አዩ። ከዚያ ወደ ሰማይ አዩ። ልጃቸውን ለማን እንደዳሩ ያን ዕለት የገባቸው ይመስለኛል።

አራት ቀን ሙሉ ጋቢ ተከናንቤ ጠላዬን ጠበቅኩ። አሥራ አምስት ዲግሪ! በመጨረሻው ቀን ቀመስኩት... ምን ልበላችሁ! ጋሼ ዘነበ እግሬ ላይ ወድቀው ይቅርታ ሲጠይቁኝ ታየኝ።

በማኅበሩ ዋዜማ ማለዳ ወደ ነገሌ ተሳፈርኩ። ቅዝቃዜው እንዳያመልጥ የጀሪካኖቹን ክዳን ጥርሴን ነክሼ አጠበቅኩና በላስቲክ ጠፈርኩት። (ተማሪዎቼ፣ ይህቺን መስመር ዝለሏት!) ሚኒባሱ ውስጥ ከወንበሬ ሥር አስገባኋቸው። አጠገቤ አንድ የጉጂ ሽማግሌ ተቀምጠዋል። "አካም?" "ናጋ!" ተባብለን፣ መምህር መሆኔንም ነግሬያቸው ጉዞ ቀጠልን። ክብረ መንግሥትን አልፈን ወደ ቆላው መውረድ ስንጀምር ሽማግሌው እግራቸውን ሰበሰቡ።

"ባርሲሳ..." አሉኝ በኦሮምኛ መምህርነቴን አክብረው፣ "ይሄ ጀሪካን ቅድምም እንዲህ ወፍራም ነበር?"

"አይዞዎት አባባ፣ ትንሽ ሙቀት ነክቶት ነው።"

"ሊወልድ ነው እንዴ?"

ሳቅኩ። ዋደራን እንዳለፍን... ቧ!

"ጎማ!" ብሎ ሾፌሩ ዳር ያዘ። ተሳፋሪው ተንጋግቶ ወረደ። ሾፌሩ ጎማዎቹን አንድ በአንድ በእርግጫ መታቸው፤ አራቱም ደህና ናቸው። ከሁሉ ሰው አብልጬ ተጎንብሼ ጎማ የምመረምረው እኔ ነበርኩ! ያልወረዱት ሽማግሌው ብቻ ናቸው። በመስኮት አንገታቸውን አወጡ፤ ጢማቸው አረፋ ብቻ ሆኗል። ከንፈራቸውን ላሱና፣

"ፋርሶ!" አሉ፤ ጠላ ማለታቸው ነው። "ባርሲሳ፣ ቀድመህ ብትነግረን አፋችንን ከፍተን እንጠብቅ ነበር እኮ!"

ሾፌሩ ወደ እኔ ዞረ። ላስረዳው ስል... ቧ! ሁለተኛው። በዚህኛው ጊዜ የሽማግሌው አፍ ክፍት ነበር።

ቤቴ የደረስኩት ሁለት የተተረተሩ ጀሪካኖች ይዤ ነው። ጥሩወርቅ አየችኝ፣ አሸተተችኝ፣ ሆዷን ይዛ ሳቀች። እኔ ሳቅ ከየት ይምጣልኝ? ነገ ማኅበር ነው! የቀረን ጋኑ ውስጥ ያለው ብቻ፣ እሱም አራት ቀን ያለ ቴርሞሜትር፣ ያለ ቬንትሌተር... ሮጬ ጓዳ ስገባ ጋኑ የለም! ለካ ጎረቤት ጠርታ፣ ከማዕድ ቤቱ ጀርባ ጥላው ሥር ጉድጓድ አስቆፍራ እስከ አንገቱ ቀብራዋለች፤ አፉንም በጭቃ መርጋዋለች። ላየው ብዬ እጄን ስዘረጋ በማማሰያ መታችኝ።

በማግስቱ ጸሎቱ አልቆ ጠላው ተቀዳ። ጋሼ ዘነበ ብርጭቋቸውን አነሱ። ጥሩወርቅ ጆጉን እንደያዘች ቆማ አፋቸውን ታያለች። እውነቴን ነው፣ ያን ጊዜ ስለ ዲግሪም ስለ ፊዚክስም ረሳሁ፤ እንደገና እንዳታለቅስብኝ ብቻ ፈራሁ።

ጋሼ ዘነበ ተጎነጩ። ደገሙ። ከዚያ ግጥም አድርገው ጠጡና ባዶውን ብርጭቆ ዘረጉላት።

"ጥሩወርቅ፣ ይሄ እዚሁ ነገሌ የተጠመቀ ነው?"

"አዎ፣ ጋሼ።"

"በዚህ ሙቀት? እንዴት አድርገሽ ቻልሽው?"

"ባለቤቴ ረድቶኝ ነው።"

ማኅበርተኛው በሙሉ ወደ እኔ ዞረ። እኔም ደረቴን ነፋ አድርጌ፣ ነገሩን ከሥረ መሠረቱ ለማብራራት ጉሮሮዬን ጠረግኩ...

"ምን አድርጎ ረዳሽ?" አሏት ጋሼ ዘነበ።

"አራት ቀን ቦሬ ሄደልኝ።"