አረንጓዴው ጥለት

ወገን! የዛሬውን ሳልነግራችሁ ባድር ያንቀኛል።

ዛሬ አንዲት የተከበሩ እናት በሰው ግድያ ከሰስኩ። በማይክሮፎን!

ቆይ፣ ቆይ፣ ለፖሊስ አትደውሉ። ሟቹ ጭድ ነው።

ከመጀመሪያው ልጀምርላችሁ። እዚህ ደብረ ታቦር፣ ኮሌጃችን ውስጥ የተማሪዎች የወንጀል ምርመራ ውድድር ነበር። የውሸት ክራይም ሲን ይዘጋጃል፤ ቲሞቹ ይገባሉ፤ ማስረጃ ይሰበስባሉ፤ ከዚያም አዳራሽ ገብተው ገዳዩን ይናገራሉ። ለአራቱም ቲም የየራሱ ክፍልና የየራሱ ሬሳ ተመድቦለታል። (በጀት ነው ወገን!) ያሸነፈው ባህር ዳር ለፍጻሜ ይሄዳል፤ እዚያ ደግሞ እውነተኛ የፎረንሲክ ላብራቶሪ ያስጎበኙታል።

የኛ ቲም ሦስት ሰው ነው።

አንደኛዋ ሃያት። አባቷ ገበያው ውስጥ ጨርቅ ይሸጣሉ፤ እሷ ግን ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ "ፎረንሲክ ካልተማርኩ ሞቼ እገኛለሁ" ስትል ነው የኖረችው። ላብራቶሪ በዓይኗ አይታ አታውቅም። ባህር ዳርን የፈለገችው ለሐይቁ አይደለም፣ ለዚያ ለላብራቶሪው ነው። ፎቶ የምታነሳውም መዝገብ የምትይዘውም እሷ ናት።

ሁለተኛው ፈንታሁን፣ የፋርጣ ልጅ። ሜትር ይዞ ይለካል፤ ካፒቴን ያለውን ሁሉ "እውነት ነው" ይላል።

ካፒቴኗስ ማን ናት? የምትጮኸዋ ናታ! እኔ!

እውነቱን ለመናገር ካፒቴንነቱ የሃያት ነበር። ግን ምርጫው ዕለት እሷ እጇን እስክታወጣ እኔ ንግግር አድርጌ ጨርሼ፣ አስጨብጭቤ ተቀምጬ ነበር።

አንድ ወር ሙሉ ያስተማርኳቸው ሕግ አንድ ብቻ ነው፦ "ምንም ነገር እንዳትነኩ!" ፈንታሁን በልምምድ ላይ ወንበር ደገፍ ቢል ግማሽ ሰዓት ገሠጽኩት። "አንተ ማስረጃ አጥፊ!" ሁሉ ብዬዋለሁ። ፈንታዬ፣ ይህን ካነበብክ ይቅር በለኝ።

ዛሬ ጠዋት እንግዲህ መድኃኔዓለም ነበርና ተሳልሜ፣ ነጠላዬን ከጃኬቴ ላይ እንደደረብኩ በቀጥታ ወደ ውድድሩ መጣሁ። የደብረ ታቦርን የጠዋት ብርድ የምታውቁ ለምን እንዳላወለቅኩት አትጠይቁኝም።

ገባን። ክፍሉ ሱቅ እንዲመስል ተሰናድቷል። ሟች፣ ባለሱቅ ናቸው ተብሏል፣ ወለሉ ላይ በጀርባቸው ተዘርረዋል። ጆንያ ውስጥ ጭድ ጠቅጥቀው፣ ያረጀ ኮት አልብሰው፣ ዓይናቸውን በማርከር ስለውላቸዋል። ዓይናቸው ክፍት ነው። ጣሪያ ጣሪያውን ያያሉ።

ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ሦስት ደቂቃ እኔ አላስታውሰውም። እመለስበታለሁ።

የማስታውሰው ኮቱን ስመረምር ነው። አዝራሩ ላይ ክር! ነጭ ጥጥ፣ ጫፉ አረንጓዴ። ልቤ ዘለለች!

"ነጠላ!" ብዬ ጮህኩ። "ገዳዩ ነጠላ የለበሰ ሰው ነው!"

"እውነት ነው!" አለ ፈንታሁን። ክሩን ገና አላየውም።

ሃያት ጠጋ አለች። የጨርቅ ነጋዴ ልጅ እኮ ናት። "ቆይ አንዴ፣ ይሄ ክር እኮ..."

"ሃያትዬ፣ አንቺ ፎቶሽን አንሺ።"

ትንሽ ቆይታ፣ "ቆይ አንዴ፣ መዝገቡን እዪው፣ እኔ እዚህ ጋ..."

"ሐሳቤን አትበትኚብኝ!"

ሦስተኛ ጊዜ እጅጌዬን ጎተት አደረገችኝ። "ዝም በይ!" አልኳት። በቃ፣ ወደ ካሜራዋ ተመለሰች።

ተጠርጣሪዎቹ ሦስት ናቸው፦ የሟች ሸሪክ፣ ዘበኛውና ሱቁን ያከራዩት ሴትዮ። ሸሪኩንና ዘበኛውን የሚተውኑት መምህራን ናቸው፤ ኮትና ካፖርት ለብሰዋል። አከራይዋ ደግሞ እትዬ ዘነቡ ናቸው፣ የቤተ መጻሕፍታችን ሠራተኛ፣ የሁላችንም እናት።

ነጠላ ለብሰዋል!

ፋይሉ ተዘጋ! ሌላ ምን ያስፈልጋል? መርማሪ እኮ ነኝ!

አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። ማይኩን ጨበጥኩ። ጉሮሮዬን ጠረግኩ። ወደ እትዬ ዘነቡ በአምስቱም ጣቴ አመለከትኩ፤ ትልቅ ሰው ላይ በአንድ ጣት አይጠቆምማ!

"ባለሱቁን የገደሉት አንቱ ነዎት!"

ነፍሰ ገዳይን አንቱ ብሎ የከሰሰ መርማሪ ከኔ በፊት ካለ ኮሜንት ላይ ንገሩኝ።

እትዬ ዘነቡ ትወናውን ረስተው አማተቡ። "በስመ አብ! እኔን ነው ልጄ? እንኳን ሰው፣ ዶሮዬንም ጎረቤት ለምኜ ነው የማሳርድ!"

አዳራሹ በሳቅ ሊፈርስ ደረሰ። እኔ ንቅንቅ አላልኩም። ሊቅ ሁሉ መጀመሪያ ይሳቅበት የለ?

ዋናው ዳኛ ጡረታ የወጡ መርማሪ ፖሊስ ናቸው። ሳቅ የሚባል ነገር ፊታቸው ላይ አልፎ አያውቅም። መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው፣ "የክሩ ጫፍ ቀለሙ ምንድን ነው?" አሉኝ።

"አረንጓዴ!" አልኩ በኩራት።

"የወይዘሮ ዘነቡ ነጠላ ጥለቱስ?"

አየሁት። "...ቀይ።"

"አረንጓዴ ጥለት የለበሰ ሰው በዚህ አዳራሽ አለ?"

ወገኖቼ፣ ይሄን ስናገር እያፈርኩ ነው፤ ዞሬ ፈለግኩ! ተመልካቹን በየረድፉ ቃኘሁት። የኋላ ወንበር ላይ ያሉትን ለማየት በእግሬ ጣቶች ቆምኩ። ገዳዩ እንዳያመልጥ በሩን እንዲዘጉት ላዝዝ ትንሽ ነበር የቀረኝ።

ሁሉም ሰው ግን የሚያየው እኔን ነው።

ቀስ ብዬ ወደ ትከሻዬ ዞርኩ።

አረንጓዴ።

"የፎቶ መዝገባችሁን አቅርቡ" አሉ ዳኛው። ሃያት ካሜራውንም ደብተሩንም ሰጠች። ፎቶዎቹ ፕሮጀክተር ላይ ወጡ።

አንደኛው ፎቶ፦ ሟች፣ ዓይናቸው ክፍት። በሩ አጠገብ ሶሉ ግማሽ የተበላ የጫማ ዱካ፤ ሃያት ከጎኑ ማስመሪያ አስቀምጣለታለች።

ሁለተኛው ፎቶ፦ እኔ። ጎንበስ ብዬ፣ ሟችን በነጠላዬ እየሸፈንኩ። ፊቴ ላይ ያለውን ሐዘን ብታዩት! ዓመት ሙሉ ያስታመምኳቸው ነው የምመስለው። ከኋላዬ ፈንታሁን ኮፍያውን አውልቆ፣ አንገቱን ደፍቶ ቆሟል።

ሦስተኛው ፎቶ፦ ነጠላዬን መልሼ ሳነሳ። ክሩ ኮቱ አዝራር ላይ ተይዞ ሲመዘዝ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ዳኛው የሃያትን ማስታወሻ በማይክ አነበቡት። "ሦስት ሰዓት ከአሥራ ሁለት፤ የቡድኑ መሪ ሟችን ሸፈነች፣ 'ነፍስ ይማር' አለች። ፈንታሁን 'አሜን' አለ። ሦስት ሰዓት ከአሥራ አምስት፤ ነጠላዋን መልሳ ለበሰች።"

ምን ላድርግ? ሰው ዓይኑን አፍጥጦ ወለል ላይ ተዘርሮ! ያደረገው እጄ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም። አንድ ወር ያጠናሁት ሕግ ከሕፃንነቴ ጀምሮ ለቅሶ ቤት ያየሁትን ሊያሸንፍ ኖሯል?

"ሟች በክብር ተሸፍነዋል፣ ጸሎትም ተደርጎላቸዋል" አሉ ዳኛው፣ አሁንም ሳይስቁ። "የቀረው ምርመራው ብቻ ነው።"

ገዳዩ ሸሪኩ ነበር። ሶሉ የተበላው ጫማ የሱ ነው። ሃያት ጽፋዋለች፤ ደብተሯ ላይ የመጀመሪያው ገጽ፣ ሁለተኛው መስመር። ነጥብ የሚያዘው ግን ካፒቴን በአፏ ለተናገረችው ብቻ ነው። ካፒቴን ደግሞ ደብተሩን አልገለጠችውም።

ከአራት ቲም አራተኛ። ባህር ዳር ቀረ። መንገድ ላይ ሐሙሲት ወርደን ምን እንደምንበላ ሁሉ ተስማምተን ነበር እኮ!

ከዚህ በኋላ ያለው ብዙም አያስቅም።

ሃያት ግሎቯን አውልቃ፣ አጣጥፋ፣ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይቀለኝ ነበር። ባጃጅ ውስጥ ሦስታችንም ተጣብቀን ተቀመጥን፤ ፈንታሁን እንኳን "እውነት ነው" የሚለው ነገር አጣ።

"ሃያት" አልኳት በመጨረሻ፣ "ካፒቴን መሆን የነበረብሽ አንቺ ነሽ። ላብራቶሪውን ያስቀረሁብሽ እኔ ነኝ። ዝም በይ ስልሽ..." አልጨረስኩትም።

መንገድ መንገዱን እያየች፣ "እኔም ልሸፍነው ፈልጌ ነበር" አለች።

"ምን?"

"እንዲያ አፍጥጦ ተኝቶ አላስችለኝ ብሎ ነበር። ካሜራ ስለያዝሁ ነው እንጂ ሻርፔን ጣል ላደርግለት ነበር።"

መጀመሪያ የሳቀው የባጃጁ ሾፌር ነው። ከዚያ እኛ።

ሳቋን ስትጨርስ ዓይኔን እያየች፣ "የሚመጣው ዓመት ግን ካፒቴኗ እኔ ነኝ" አለች። "አንቺ ፎቶሽን ታነሻለሽ።"

"እውነት ነው!" አለ ፈንታሁን።

ቤት ስገባ እናቴ "ነጠላሽስ?" አለችኝ። ዳኞቹ "ለማስተማሪያ ይሆናል" ብለው ፌስታል ውስጥ አሽገው አስቀርተውታል። ሁሉንም ነገርኳት። አዳምጣኝ አዳምጣኝ፣ "ታዲያ አንቺ ምን አጠፋሽ? ሬሳ አጋልጠው ያስተኙት ናቸው እንጂ መከሰስ ያለባቸው!" አለች።

እማዬን እንዳትሰሟት። የኔ ጥፋት ነጠላው አይደለም። ሁሉን በዓይኗ ያየች ምስክር አጠገቤ ቆማ "ቆይ አንዴ" ስትለኝ፣ እኔ አንድ ክር ይዤ ስሮጥ መዋሌ ነው።

እስኪ ከእናንተ ውስጥ "ቆይ አንዴ" ያለችውን ጓደኛውን ዝም ያሰኘ እጁን ያውጣ!

እኔማ እጄን ሰጥቻለሁ።