ኖርማን የጠበቀው ቆጣሪ

ኖርማን እንግሊዛዊ ነው። በጡረታ ገንዘቡ ፖርቱጋል ገጠር ውስጥ ጣሪያው የተቦደሰ ቤት ገዝቶ ያድሳል፤ ማለትም እሱ ያዛል፣ ቤቱ ይፈርሳል። ለግንባታው ጊዜያዊ መብራት ካመለከተ አራት ወሩ ነው። ሚስቱ ሂልዳ ነገ ትመጣለች፤ መብራት ካላየች ቤቱ ይሸጣል ብላ ምላለች።

(ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ኖርማን የቆመውን የሲሚንቶ ሚክሰር በእርግጫ ይላል። ሽማግሌው ጎረቤቱ ዜፌሪኖ ከድንጋዩ አጥር ወዲያ ጥርሱን ይጎረጉራል።)

ኖርማን፦ ሦስት ሰዓት ሙሉ ምሳ! ሰው ነህ በሬ?

ዜፌሪኖ፦ በሬማ ቆሞ ነው የሚበላው። ደሞ ዛሬ እንግዶች ነበሩኝ።

ኖርማን፦ እኔ መሰላል ላይ ቆሜ በአራት ደቂቃ ጨረስኩ!

ዜፌሪኖ፦ (ከንፈሩን እየመጠጠ) አይ እርስዎ! አረፍ ይበሉ የሚል ዘመድ አጥተው።

ኖርማን፦ አገራችሁን የገደላት ይሄ ምሳ ነው! ለአንድ ቆጣሪ አራት ወር! የመብራት ሰዎቹን ባልጨቀጭቃቸው ኖሮ የዛሬውንም ቀጠሮ አላገኝም ነበር።

ዜፌሪኖ፦ እኔም አመልክቻለሁ።

ኖርማን፦ አንተ? ለምንህ?

ዜፌሪኖ፦ ለዶሮ ቤቴ። ተራዬ ከእርስዎ ቀጥሎ ነው።

ኖርማን፦ (እየሳቀ) ዶሮዎችህ ጋዜጣ ሊያነቡ ነው?

ዜፌሪኖ፦ ጫጩቶቹ ብርድ አይችሉም። ለመሆኑ ማንም አልመጣልዎትም?

ኖርማን፦ ማን ይመጣል! ሁለት ቦዘኔዎች ናቸው የመጡት። ልክ በስድስት ሰዓት፣ በለስ ዛፌ ሥር፣ ሸሚዛቸውን አውልቀው ሰርዲን ዘርግተዋል!

ዜፌሪኖ፦ ሰርዲኑ የተጠበሰ ነው?

ኖርማን፦ ምን አገባኝ! ጭራሽ በገዛ ግቢዬ እኔኑ ብላ አሉኝ።

ዜፌሪኖ፦ እርስዎስ በሉ ታዲያ?

ኖርማን፦ አባረርኳቸው እንጂ! አንዱማ ወረቀት ዘርግቶ ፈርም ይለኛል። የለማኝ ወረቀት መሆኑ ይጠፋኛል?

ዜፌሪኖ፦ መሰላል ነበራቸው?

ኖርማን፦ አዎ፣ በለሴን ሊለቅሙበት!

ዜፌሪኖ፦ ቢጫ ቆብስ?

ኖርማን፦ ሁለት፣ ሳሩ ላይ... (ፊቱ እንደ ኖራ ይነጣል።)

ዜፌሪኖ፦ በስድስት ሰዓት የደረሰ ሠራተኛ መጀመሪያ ይበላል፣ ጌታው። በልተው ቆጣሪውን ሊተክሉልዎ ነበር።

ኖርማን፦ የት ገቡ? የት ናቸው አሁን?

ዜፌሪኖ፦ ሰርዲናቸውን ይዘው እኔ ጋ መጡ። ሾርባ ጨመርኩላቸው። መኪናቸው ውስጥ የቀረው ቆጣሪ አንድ ነው። አልፈርምም ያለ ሰው ከወረፋው መጨረሻ ይሰለፋል አሉ። እኔ ፈረምኩ።

(ከአጥሩ ወዲያ የዶሮ ቤቱ አምፖል ቦግ ይላል። አውራ ዶሮው የነጋ መስሎት ይጮኻል። አራት ወር ሙሉ ያልተቀመጠው ኖርማን የሲሚንቶ ከረጢት ላይ ዘፍ ይላል።)

ኖርማን፦ ሂልዳ ነገ ትደርሳለች... አለቀልኝ! ስማ አንተ... ስሙኝ ጋሼ... ዜፌሪኖ፣ እባክዎ!

ዜፌሪኖ፦ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ረጅም የመብራት ገመድ አለዎት?

ኖርማን፦ ሃምሳ ሜትር!

ዜፌሪኖ፦ ከዶሮ ቤቴ ይሳቡት። ጎረቤት ለመቼ ነው?

ኖርማን፦ (ብድግ ብሎ) እግዜር ይስጥልኝ! ነገ ከጠዋት እስከ ማታ ሲሚንቶ አቦካለሁ!

ዜፌሪኖ፦ ከስድስት እስከ ዘጠኝ ግን ይነቀላል።

ኖርማን፦ ለምን?

ዜፌሪኖ፦ ዶሮዎቼ ምሳ ላይ ናቸው።