የብርብራው ትምህርት

ራሱ ያልቀመሰውን ሰው የሚያስቀምስ አስተማሪ ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን ገጥሞኛል። የናዝሬት የቀበሌያችን ወጣቶች ጫካ ውስጥ ስንቅ ቢያልቅብን ምን እንደምንበላ ልንማር በካሚዮን ዝዋይ ሐይቅ ዳር ወረድን። ሊያስተምረን አብሮን የመጣው ካድሬ ከአንድ ዛፍ ሥር ቡናማ ፍሬ ለቅሞ አደለን።

«ጓዶች፣ ይህ የተፈጥሮ ባቄላ ነው። አኝኩ!»

አኘክን። አጠገባችን መረብ ሲጠግኑ የነበሩ ኦቦ ገመቹ የሚባሉ ሽማግሌ እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጫኑ።

«ኧረ ልጆቼ፣ ትፉት! ብርብራ እኮ ነው! ወቅጠን ውኃው ላይ ስንበትነው ዓሣው ሰክሮ ይንሳፈፋል!»

የካድሬው ቅንድብ እንኳ አልተነቃነቀም።

«ዓሣ ንቃተ ኅሊና ስለሌለው ነው!» አለ።

እኔን እስከ ዛሬ የሚያስደነግጠኝ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። አንዳችንም ሳንተፋ፣ ፍሬውን በጉንጫችን እንደያዝን አጨበጨብን። ጭብጨባውን የጀመርኩት ደግሞ እኔ ነኝ።